የሰኞ ጥርስ ሕመም

ባለፈው ሰሞን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ በአንድ አናጢ ደጅ ሳልፍ አሮጌ የትምህርት ቤት ዴስክ ተጋድሞ አየሁ። መቀመጫውና መጻፊያው የተያያዘ፣ ሦስት ልጅ የሚያስቀምጥ፣ የእኛ ዘመን ዴስክ ነው። መጻፊያው ላይ በምላጭ የተፈለፈሉ ስሞች፣ በቀስት የተወጋ ልብና ተጀምሮ ያላለቀ የሂሳብ ስሌት አለበት። እጄን ሳሳልፍበት አናጢው ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሊገዙት ነው? እግሩ ብቻ ነው የላላው» አለኝ። «አልገዛውም። እኔ እንዲህ ያለው ላይ ተቀምጬ ያላጠናሁት የሰው ጠባይ የለም» አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

ቀልድ አይደለም። ዲግሪ የለኝም፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ወደ ሬዲዮ ጥገና ገባሁ፣ እሱንም ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ስነልቦናና ሶሲዮሎጂ የሚባሉትን ትምህርቶች ግን ገና አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ያለ አስተማሪ ተምሬ ጨርሻቸዋለሁ። ዛሬ ስልካቸውን ሊያሠሩ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ስለ ቡድን ጠባይ ሲያወሩ ዝም ብዬ እሰማና አንድ ጥያቄ ጣል አደርጋለሁ። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። «ጋሼ የት ነው የተማሩት?» ይሉኛል። «ክፍል ውስጥ፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ» እላቸዋለሁ።

የተማርኩበትን የስነልቦና መጽሐፍ ያገኘሁት ሰኞ ገበያ፣ ከአንዲት በርበሬ ሻጭ እጅ ነው። እናቴ ስትገዛ ሴትየዋ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ቅጠል እየገነጠለች ትጠቀልል ነበር። ለምኜ የተረፈውን ወሰድኩ። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በርበሬ ተጠቅልሎባቸው በደሴ ቤቶች ተበትነዋል፤ ለእኔ የደረሰኝ ከመሐል የሚጀምረው ነው። እንግሊዝኛው ከባድ ነበር። በተዋስኩት መዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየቆፈርኩ አነበብኩት። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር አስነጥስ ነበር፤ እያስነጠሰ ዕውቀት የገበየ ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም።

ሌላው ቢሆን አንብቦ ያስቀምጠው ነበር። እኔ ያነበብኩትን ሁሉ በማግስቱ ክፍል ውስጥ እፈትሸዋለሁ። ስለ ደወልና ስለ ምራቅ ባነበብኩ ማግስት፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ደወል አድርጎ የሚጠቀምበትን የመኪና ቸርኬ በጥናት ክፍለ ጊዜ በድንጋይ መታሁት። አጥር ጥግ ሆኜ ሳይ ተማሪው ሁሉ፣ ገና አሁን ከዕረፍት መመለሱን ረስቶ፣ ደብተሩን እየሰበሰበ ብድግ አለ። ስለ ቅጽል ስም ባነበብኩ ጊዜ ደግሞ፣ «እንቅልፋሙ» የሚባለውን ልጅ ሳምንት ሙሉ ተከታተልኩት። ከማንም በላይ ንቁ ነው፤ ግን አስተማሪ ሲገባ ስሙን ለማክበር ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ለእኔም ያወጡልኝ ስም ነበረ፤ «ፈላስፋው» ይሉኝ ነበር። ለማሾፍ ነው ያወጡት። እኔ ግን ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት ተቀበልኩት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግኝቴ የእጅ ነው። በዚያ ዘመን በየጊዜው ስብሰባ አለ፣ በየስብሰባውም ድምፅ ይሰጣል፤ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። መጽሐፉ ሰው ብቻውን የሚያስበውን በቡድን መሐል እንደሚተው ይናገራል። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ የእጆቹን አወጣጥ አጠናሁ። መጀመሪያ የፊት ዴስክ ያወጣል። መሐሉ ፊቱን አይቶ ያወጣል። የኋላው፣ ጥያቄው ምን እንደሆነ እንኳ ሳይሰማ፣ መሐሉን አይቶ ያወጣል። ይህን ለማረጋገጥ ሙከራ አደረግሁ። የጽዳት ዘመቻው ቅዳሜ ይሁን ወይስ እሑድ ተብሎ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ከሁለት ልጆች ጋር ፊት ተቀመጥኩ፤ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራቸውን ሠርቼላቸው ነበር። ክፍሉ በሙሉ የሚፈልገው ቅዳሜን ነው፤ እሑድ ኳስ አለ። እኛ ሦስታችን ለእሑድ እጃችንን አወጣን። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ አወጣ። በዚያ እሑድ ሁሉም መጥረጊያ ይዞ፣ «ማነው እሑድ ያለው?» እያለ ሲራገም ዋለ። እኔም አብሬ ተራገምኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከክፍላችን ብዙዎቹ ልጆች ከገጠር የመጡ፣ ደሴ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ነበሩ። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ከቤተሰብ ይመጣላቸዋል፤ የሚመጣውም ሰኞ ነው፣ የገበያ ቀን ስለሆነ። ወላጅ ያመጣውን ሸጦ፣ ልጁን አይቶ፣ ስንቁን ሰጥቶ፣ መኪና ሳያመልጠው ይመለሳል። በሌላ በኩል የፖለቲካ ውይይት የሚደረገው ሰኞ ከሰዓት ነው። ስለዚህ ልጆቹ በየተራ ሰበብ እየፈጠሩ ይቀሩ ነበር። አንዱ ጥርሱን ያመዋል። ሌላው ጥርሱን የሚያመውን ይደግፋል። በደሴ የጥርስ ሕመም ሰኞ ሰኞ የሚብስ ነው የሚመስለው። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ያ ታማሚ ሁሉ ከዴስኩ ሥር ቆሎ ሲቆረጥም ይሰማል።

እንድሪስ የሚባል ልጅ ብቻ አይዋሽም። አባቱ አባ ይማም ከኮምቦልቻ በታች ካለ ቆላ የሚመጡ ገበሬ ናቸው፤ የሐረጎን ዳገት በጭነት መኪና ላይ ሆነው ይወጣሉ። አንድ ሰኞ እንድሪስ ውይይቱ አስቀርቶት ሳይሄድ ቀረ። ሰውየው ልጄን ሳላይ አልሄድም ብለው ስልቻቸው ላይ እንደተቀመጡ መኪናው አመለጣቸው፤ መስጊድ በረንዳ ላይ አደሩ። የደሴ ብርድ ለቆላ ሰው መርዝ ነው። ከዚያ ወዲያ በሳል ሲሰቃዩ ከረሙ። እንድሪስ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰኞ ከሰዓት ደብተሩን ያነሳና፣ «የት ነው?» ሲባል፣ «አባቴን ላገኝ» ብሎ በበሩ ይወጣል። ውጤቱ ምን ሆነ? ጥርስ የሚያማቸው ሁሉ ታማሚ ተብለው ሲታለፉ፣ ከውይይት ጎደለ ተብሎ የተያዘው እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ሆነ።

የክፍላችን ሊቀመንበር ጌታሁን የሚባል የከተማ ልጅ ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ግን ከበላይ ያሉት፣ «ክፍልህ ውስጥ ምን ሠራህ?» ይሉታል፣ እሱም የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል። እንድሪስን «ጎታች» አለው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ የሆነውን እንደ ተመራማሪ ተከታተልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ከእንድሪስ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ትናንት እርሳስ ከእሱ ይዋሱ የነበሩ ልጆች ዛሬ ሰላምታውን በዓይናቸው ብቻ ይመልሳሉ። ቀጥሎም ማክሰኞ ሂስና ግለሂስ ይደረጋል፣ ከትምህርት ቤት ይሰናበት ወይስ ይቆይ ተብሎም ድምፅ ይሰጥበታል ተባለ።

መሰናበት ማለት ምን እንደነበረ የእኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣ ጎረምሳ ገጠር ሲመለስ የገበሬ ማኅበሩ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ከሄዱት የተመለሱትን እናውቅ ነበር፣ ጥቂት ስለነበሩ። ሰኞ ስንቅ ይዘው የሚመጡት አባት የሚያዩት ልጅ ይኑራቸው ወይስ አይኑራቸው፣ የሚወሰነው በእነዚያ የማያስቡ እጆች ነበር።

እሑድ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ እንድሪስ ኪራይ ክፍል ሄድኩ። ድርቆሽ በውሃ አርሶ በርበሬ ነስንሶበት ነበር፣ አብረን በላን። እኔ ሁሉን አስቤ ጨርሻለሁ።

«ስማ፣ አንድ ሰው አንድ ብቻ አይደለም» አልኩት። «ቤትህ ልጅ ነህ፣ መስጊድ ሰጋጅ ነህ፣ ክፍል ተማሪ ነህ። ይህ ሚና ይባላል። ማክሰኞ የሚነሳው ተማሪው ነው፣ የአባ ይማም ልጅ አይደለም። ተማሪው ‹አጥፍቻለሁ፣ አስተሳሰቤ ኋላ ቀር ነበር› ይበላቸው። ግለሂስ ያደረገ ሰው ይለቀቃል።»

«እኔ ቁጭ ብዬ እሱ ይዋሽልኝ?»

«እንደዚያ አስበው።»

ድርቆሹን አላምጦ ዋጠና፣ «አላህ የሚጠይቀው የትኛውን ነው?» አለኝ።

መጽሐፉ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ምናልባት በርበሬ በተጠቀለለበት ክፍል ላይ ኖሮ ይሆናል።

«ወንድሜ፣ አንድ ቃል ናት እኮ» አልኩት።

«አባቴን ማየቴ ጥፋት ነው ማለት አንድ ቃል ነው? ወላሂ አልልም። አንተ ግን አብሽር፣ የመጣው ይምጣ።»

ያጽናናኝ እሱ ነው። እያዘንኩ ወጣሁ፤ ቁልቁል ስወርድ ግን ሐሳቡ መጣልኝ። እንዲህ ያለው ሐሳብ ለሁሉም ሰው አይመጣም። እንድሪስን መለወጥ ካልቻልኩ ክፍሉን መለወጥ አለብኝ። የሰኞ ልጆች እያንዳንዳቸው የሚፈሩት፣ «ገበያ የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ፣ ከታወቀብኝ ቀጣዩ እኔ ነኝ» ብለው ነው። ብዙ መሆናቸውን አያውቁም። ሁሉም የሚደብቀው አንድ ዓይነት ነገር ሲሆን ማንም ማንንም አያይም። ይህን መጽሐፉም እንዲህ አድርጎ አልገለጸውም፤ እኔ ነኝ የደረስኩበት።

የጀመርኩት ከሙሄ ነው፤ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ቀልደኛ፣ ከሰኞ ታማሚዎች ሁሉ የታወቀው ልጅ። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ያዝኩትና፣ «የትኛው ጥርስህ ነው?» አልኩት።

«ምን?»

«ዛሬ ከሰዓት የሚያምህ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ለማን ልትነግር ነው፣ ፈላስፋው?»

«ለማንም። አንተ ብቻ እንዳልሆንክ ልነግርህ ነው።» ማን ማን ቆሎ ሲቆረጥም እንደሰማሁ ሹክ አልኩት። ሳቁ መጣ፤ ወዲያውም እንድሪስ ትዝ አለውና ሳቁን ዋጠው። «ነገ በጊዜ መጥተህ ፊት ዴስክ ላይ ተቀመጥ» አልኩት።

«ፊት ሆኜ ምን ላደርግ?»

«ምንም። ሥራህ እጅህን አለማውጣት ነው።»

«እጄ ራሱ ቢወጣስ? እኔ እጄን አላምነውም።»

«ኪስህ ውስጥ ክተተው።»

እንዲህ እያልኩ ሌሎቹን አንድ በአንድ አነጋገርኩ። በስብሰባ ቀን ቦታ የያዘ ይቀመጣል፤ ፊት የሚሮጡት መታየት የሚወዱ ናቸው። ማክሰኞ ግን መታየት የሚወዱት ሲገቡ የፊት ዴስኮቹን በሙሉ በሰኞ ታማሚዎች ተይዘው አገኟቸው። እኔ ሁሉን ለማየት ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። የፖለቲካ አስተማሪያችን እንደ ልማዱ ጥግ ላይ ወንበር ስቦ፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ ነበር። ትንሽ የሚናገር፣ ሁላችንም የምንፈራው ሰው ነው።

ጌታሁን ክሱን አነበበ። ከዚያ፣ «ጓድ እንድሪስ ግለሂሱን ያቅርብ» አለ።

እንድሪስ ተነሳ። «ሰኞ ሰኞ የቀረሁት አባቴን ላገኝ ነው። የሚመጡት ሰኞ ስለሆነ ወደፊትም እሄዳለሁ» አለ።

«ጓድ እንድሪስ፣ ይህ ግለሂስ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ከውጭ የአንድ ጭነት መኪና ማርሽ ሲቀየር ይሰማ ነበር። ጌታሁን ላቡን ጠረገና፣ «ይሰናበት የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለ። የፊት ዴስኮች አልተንቀሳቀሱም። መሐሉ ፊቱን አየ፣ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ አንድ እጅ ጆሮ ድረስ ወጣና ፊቱን ሲያይ ፀጉሩን ማከክ ጀመረ። ጥናቴ እንዳለው ሆነ።

ያላሰብኩት ግን አንድ ነገር ነበር። ጌታሁን ራሱ እጁን አወጣ። ከዚያ በፊት አውጥቶ አያውቅም፤ ፊት ያሉት ሁልጊዜ ይቀድሙት ስለነበር አያስፈልገውም ነበር። አሁን ከሁሉም ፊት፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ አንድ እጅ ቆሟል፤ ያን እጅ የማያየው የለም። ከግራ በኩል አንዱ ክርኑን ከዴስኩ ላይ አነሳ። ከበስተኋላዬ የልብስ መንሿሿት ሰማሁ። አንድ እጅ ከወጣ ሁሉም እንደሚወጣ እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንድሪስ ቆሞ መስኮቱን ያያል።

ሙሄ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ደግሞ የማክሰኞ ቆሎ ነው። ጭንቀት ሲይዘው ይሁን ልማድ ይሁን፣ ጣቶቹ ጥቂት ዘገኑና ወደ አፉ አመጡት። በዚያ ዝምታ መሐል ገብስ ሲቆረጠም ድንጋይ የሚፈጭ ነበር የሚመስለው።

«ማነው የሚበላው?» አለ አስተማሪው ከጥጉ።

ሙሄ ተነሳ። «እኔ ነኝ፣ ጓድ መምህር።»

«ምንድነው?»

«ቆሎ።»

«ከየት አመጣኸው?»

ሙሄ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ጎኑ የተቀመጡት ሁሉ የሰኞ ልጆች ናቸው። «እናቴ አምጥታልኝ ነው። ትናንት፣ ገበያ» አለ።

«ትናንት ጥርስህን አሞህ ነው የቀረኸው ተብሎ ነበር።»

ሙሄ በአፉ የቀረውን ዋጠና፣ «አሁን ተሽሎኛል፣ ጓድ መምህር» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጌታሁን እንኳ ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁ ሲበርድ ከሙሄ ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ ሳይጠየቅ ተነሳና፣ «እኔም ትናንት እናቴን ላገኝ ነው የሄድኩት» አለ። ሦስተኛው፣ «እኔም» አለ። ከዚያ ሁለተኛው ዴስክ፣ ከዚያ መሐሉ፣ በመጨረሻም ከኋላ፣ እናቱ እዚያው ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖር የከተማ ልጅ ሳይቀር፣ «እኔም» ብሎ ተነሳ። እጅ የሚወጣበት መንገድ ያው ነው፤ እውነትም በዚያው መንገድ ይወጣል። ይህን በዓይኑ ያየ ተመራማሪ ካለ ይምጣና እንነጋገር።

አስተማሪው የቆሙትን ሁሉ ቀስ ብሎ አየ። መዝግቦ አሳልፎ ቢሰጠን የሚከለክለው አልነበረም፤ ቢመዘግበንማ የእኔ ሥራ እንድሪስን ብቻ ሳይሆን ያን ሁሉ ልጅ ያስበላ ነበር። ከወንበሩ ተነሳና፣ «ሊቀመንበር፣ እጅህን አውርድ። የሰኞው ውይይት ከእንግዲህ ወደ ረቡዕ ይዛወራል። እዚህ የተባለው እዚሁ ይቅር» ብሎ ወጣ። ጌታሁን እጁን ሲያወርድ ትከሻው አብሮ ወረደ፤ ከሁላችን በላይ የተገላገለው እሱ ይመስለኛል።

ከእንድሪስ ጋር አብረን ወጣን። እኔ አሁን ልንገረው፣ አሁን ልንገረው እያልኩ ነው፤ ስለ ዴስኮቹ፣ ስለ ሙሄ፣ ስለ ኪሱ። አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ። «ትናንት አባቴን ሳገኛቸው ምንም አልነገርኳቸውም» አለኝ። «ትክ ብለው አዩኝና፣ ‹ምን ሆነሃል?› አሉ። ምንም አልኳቸው። ገበያ መሐል፣ ሰው እየተጋፋ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። መኪናው እየጠራቸው ዱዓውን አላቋርጥም አሉ። ያ ዱዓ ነው ዛሬ የደረሰልኝ።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

አፌን ዘጋሁ። ይህም ዕውቀት ነው። ሰው የተደገፈበትን ምሰሶ መነቅነቅ የስነልቦና ሊቅ ሥራ አይደለም።

እንድሪስ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ መምህር ሆነ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ሲያስተምር ኖረ። አባ ይማም ልጃቸው ሲያገባ አይተው ሞቱ። እኔ ስለ ራሴ ማውራት የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ለዕድር ሰው፣ ለደንበኛ፣ ለልጆቼ ያላወራሁት የራሴ ጀብዱ የለም። ይህችን ብቻ፣ እሱ ጆሮ ትደርሳለች ብዬ፣ ለማንም ሳልነግር አርባ ዓመት ያህል ይዣት ኖርኩ። በሕይወቴ የሠራሁት ከባዱ ሥራ ይህ ነው። አሁን የምጽፈው እንድሪስ ስላረፈ ነው።

ዛሬ ሰኞ ገበያ ስሄድ ስልቻው ላይ ተቀምጦ ልጁን የሚጠብቅ አባት አላይም። ገንዘቡ በስልክ ይላካል፣ ልጁም በስልክ «ደረሰኝ» ይላል። ጥሩ ነው፤ ማንም ለአንድ ቁና ቆሎ ብሎ የደሴ ብርድ አይምታው። ተማሪዎቹንም አያቸዋለሁ፤ እጅ አያወጡም፣ ጣታቸውን ስክሪን ላይ ያሳርፋሉ፣ ከማሳረፋቸው በፊት ግን ስንት ሰው እንደቀደማቸው ያያሉ። የእነሱ የፊት ዴስክ የት እንዳለ አይታይም። እኛ ቢያንስ የትኛው ጀርባ እንደሚቀድመን እናውቅ ነበር። ጎናችን የሚቆረጠመውንም እንሰማ ነበር።

ከማረፉ በፊት በነበረው ዒድ ኮምቦልቻ ሄጄ ጠየቅሁት። ታሞ ተጋድሞ ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ከበውት ነበር። ያቺን ማክሰኞ ነገራቸው። የሙሄን ጥርስ ሲያወራ ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ፣ እሱም እያሳለ ሳቀ። እኔንም፣ «እኚህ ጋሼ ዋሽ ብለው የመከሩኝ ናቸው» ብሎ አስተዋወቀኝ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጠነ፤ ገበያ መሐል ስለቆሙት ስለ አባቱ፣ ስለተዘረጉት እጆች፣ እየጠራ ስለሚሄደው መኪና ነገራቸው። ትንሿ ልጅ፣ «እውነት በዱዓው ነው የዳኑት?» አለችው። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ እዚያ ነበርክ። ንገራት እስቲ» አለኝ።

«በዱዓው ነው» አልኳት።